ትንፋሽ የሚያዝበት ቤት

ከፍኖተ ሰላም የተነሣሁት በሰኔ አጋማሽ፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ነው። የጉዞዬ ምክንያት አንድ ቤት ነበር። ቡሬ ላይ ለመጪው መስከረም የተመዘገቡት አዲስ ተማሪዎች ካሉት ክፍሎች በላይ ስለሆኑ፣ ሌላ ክፍል ካልተገኘ ወደየቤታቸው እንዲመለሱ ተወስኗል። በከተማይቱ መካከል ያን ሁሉ ልጅ የሚይዝ አንድ አሮጌ ፎቅ ብቻ አለ፤ ሰዉ «ወርቅ ቤት» ይለዋል። ከእኔ በፊት የተላከው ጸሐፊ ባዶ እጁን ተመልሶ ነበር። ምን ገጠመህ ሲባል፣ «ቤቱ ደኅና ነው፤ ባለቤቲቱም ደግ ሴት ናቸው፤ ግን አፌን ከፍቼ መጠየቅ አልቻልኩም» አለ እንጂ ሌላ አልጨመረም። ዲሬክተራችን ተናደው እኔን ላኩ። ክፍሉ ከተገኘ ቡሬ ሄጄ የማስተምረው እኔ ነበርኩና ደስ ብሎኝ ተነሣሁ።

በመንገድ

የተሳፈርኩት በጭነት መኪና ነው። ከሾፌሩ ጎን ለሚቀመጥ አንድ ብር፣ ከጭነቱ ላይ ለሚወጣ ሃምሳ ሳንቲም ይከፈላል። እኔ ከጎን ተቀመጥኩ። ሌሊቱን ስለዘነበ መንገዱ ይንሸራተታል። በግራና በቀኝ ገበሬው ለጤፍ የሚሆነውን መሬት ደጋግሞ ያርሳል፤ በቆሎው ገና ከጉልበት አላለፈም። ማንኩሳ ስንደርስ ወርደን በአንድ በረንዳ ላይ ቅቅል ድንች በአዋዜ በላን።

«ቡሬ ምን ልትሠራ ነው፣ አስተማሪ?» አለኝ ሾፌሩ፣ በዕድሜ ጠና ያለ ወፍራም ሰው።

«ወርቅ ቤትን ለትምህርት ቤት ልጠይቅ ነው።»

ሳቀ። «እንግዲያው የምትስለውን ሳል እዚሁ ስለህ ጨርስ።»

«ለምን?»

«እዚያ ቤት አይሳልም። አንድ ጊዜ ጨው ላራግፍ ገብቼ አስነጠሰኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ጭነቴን በረንዳ ላይ ጥዬ ነው የምሄድ።»

«ማን ተቆጣዎት?»

«ማንም። ዘወር ብለው አዩኝ እንጂ።» ይህን ሲል ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። እስከ ቡሬም ብዙ አላወራንም።

ቡሬ ገበያ

ስንደርስ ጉም ወርዶ ነበር። ገበያው ይሰማል እንጂ አይታይም፤ የበግ ጩኸት፣ የዋጋ ክርክር፣ የሚያናፋ አህያ ከነጭ ነገር ውስጥ ይመጣል። ወርቅ ቤትን ያገኘሁት ግንቡን በእጄ ስነካው ነው ማለት እችላለሁ።

ስለ ቤቱ ጥቂት ላስረዳ። ያሠራው ከባሕር ማዶ የመጣ ነጋዴ ነው ይላሉ። በዚያ ዘመን ከዓባይ ማዶ ካለው ተራራማ አገር ሰዎች አፈር ቆፍረው፣ የወንዝ አሸዋ አጥበው ያወጡት ወርቅ ቡሬ ላይ ይመዘን ነበር። ወርቁ በአሞራ ላባ አገዳ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ አፉ በሰም ታሽጎ ይመጣል። በጣም የደቀቀ ስለሆነ እፍ ቢሉት ይበናል። ስለዚህ ቤቱ ነፋስ እንዳያስገባ ተደርጎ ተሠራ፤ ግንቡ ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብና ከፍ ያለ፣ በሩም ድርብ ነው፤ የውጭው ሳይዘጋ የውስጡ አይከፈትም። መዛኙ ሚዛኑን ሲያነሣ በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። የተነፈሰ ሰው እንደ ሌባ ይታይ ነበር። ወርቁ መምጣት ካቆመ ግን ብዙ ዘመን ሆኗል።

ሁለተኛው በር ከኋላዬ ሲዘጋ ያ ሁሉ ገበያ ጸጥ አለ። ምድር ቤቱን ተከራይተው ጨው፣ አቡጀዲና ነጭ ጋዝ የሚሸጡት አቶ በላቸው ከባንኮኒያቸው ኋላ ቆመዋል። ከፊታቸው ያሉት ገበያተኞች የነጠላቸውንና የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገዋል።

«ጤና ይስጥልኝ!» አልኩ።

ሁሉም ዘወር ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። እንቅልፍ የያዘውን ሕፃን ልቀሰቅስባቸው እንደሆነ ዓይነት አስተያየት ነበር።

አቶ በላቸው የጨው ሚዛናቸውን አነሡ። በዚያን ጊዜ የሰዉ ደረት ሁሉ ቆመ። ሳላስበው የእኔም ቆመ። ሚዛኑ እስኪረጋ ድረስ በዚያ ቤት አንድም የሚተነፍስ ሰው አልነበረም።

ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ፣ «ጨው እኮ በትንፋሽ አይበንም» አልኳቸው።

«አይበንም።»

«ታዲያ?»

«ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ለመደብኝ። ቤቴ ገብቼ እንኳ ሚስቴ ወጥ ስትጨልፍ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሰውዬው ሞተ እያለች ትስቅብኛለች።» እሳቸው ግን አልሳቁም። በዓይናቸው ወደ ጣሪያው አመለከቱኝ። «ባለቤቲቱ እሜቴ ፎቅ ላይ ናቸው። ደረጃውን ቀስ ብለህ ውጣ።»

ላይኛው ክፍል

እሜቴ የሻሽወርቅ የመጨረሻው መዛኝ ሚስት ናቸው። ነጋዴው አገሩ ሲገባ ቤቱን ለባላቸው ትቶ ሄደ፤ ባላቸው ሲሞቱ ለእሳቸው ቀረ። ክፍሉ እንደ አዳራሽ ሰፊ ነው። ከመካከለኛው የጣሪያ አግዳሚ ላይ የነሐስ ሚዛን ተንጠልጥሏል፤ እሳቸው ከፊቱ በእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱም ሳህኖች ባዶ ናቸው፤ ግን አንደኛው ዝቅ ብሏል።

«አዲሱ የኔታ አንተ ነህ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ጢምህን የት ጥለኸው መጣህ?»

«ገና ነው እሜቴ፤ ይመጣል» አልኩና ጉዳዬን ነገርኳቸው። ከዚያ ደግሞ ዝም ማለት አቅቶኝ፣ «ሚዛኑ ተዛብቷል፤ ዘንጉ ጎብጦ ይሆናል» አልኩ።

«አልጎበጠም። ባለቤቴ የሞተው እዚሁ ነው። ሊመዝን ትንፋሹን ሳበ፣ ያዘ፣ እንደያዘ ወደቀ። ሲያስገባ አይቻለሁ። ሲያስወጣ ግን አላየሁም።»

ሰው ሲሞት በሳንባው ያለው አየር በራሱ እንደሚወጣ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«ካህናቱም የማይሆን ነው ብለውኛል። ፍትሐቱ ደርሷል፤ ተዝካሩም ወጥቷል። እኔ የምነግርህ ግን ሌላ ነው። አሁንም እንደያዘ ነው።»

ወደ ሚዛኑ አየሁ። ነፋስ የለም። ዝቅ ያለው ሳህን በጣም በዝግታ ትንሽ ከፍ አለና ቆመ፤ ልክ ሞልቶ እንደቆመ ደረት።

«ልጆቹ ሲማሩ ይጮኻሉ?» አሉኝ።

«ይጮኻሉ።»

«ዝም ብለው ቢማሩስ?»

«ፊደል በዝምታ አይያዝም፣ እሜቴ።»

«እንግዲያው ባለቤቴ ይሄድብኛላ!» አሉ።

ሌላ ቤት እንፈልጋለን ልላቸው ፈለግሁ፤ ሌላ ቤት ግን አልነበረም። «ካልሆነ ልጆቹ ይመለሳሉ» አልኩ።

«የማን ልጆች ናቸው?»

«የዚሁ አገር። ከሽንዲ በኩል ካለው ገጠር የሚመጡም አሉ።»

ሚዛኑን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ፣ «መጀመሪያ የሚሉት ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሀ ነው።»

ከንፈራቸውን ከፍተው ያለ ድምፅ ሞከሩት። ፊታቸው ተለወጠ። «ይኸማ ትንፋሽ ነው» አሉ። መዳፌን አፌ ላይ አድርጌ ሞከርኩ፤ እውነታቸውን ነው።

«በል እስቲ በለው። ልጆቹን እንደምታስተምር አድርገህ።»

«ጮክ ብዬ?»

«ጮክ ብለህ። ሰምቶ ይከተልህ።»

ወደ ሚዛኑ ዞርኩ። በአገሬው ንግግር «በሉ» ለብዙ ተማሪም ለአንድ ትልቅ ሰውም ስለሚባል፣ ለማን እንደምል መምረጥ አላስፈለገኝም።

«ሀ በሉ! ሀ!»

ከታች አንድ ነገር ወድቆ ተንኳኳ። ቀጥሎ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ፣ ከእኔም ከእሜቴም ከደረጃውም ሳይሆን ከሚዛኑ ሥር፣ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ሸክሙን ከትከሻው ያወረደ ሰው የሚተነፍሰው ዓይነት ነው። ሙቀቱ ፊቴን ነካኝ። ሁለቱ ሳህኖች ተወዛወዙና እኩል ሆነው ቆሙ።

«ታች በሩ ተከፍቶ አየር ገብቶ ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል» አሉኝ፣ እኔን ላለማሳፈር። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ደክሞት ነበር።»

ጥቂት ቆይተው ወደ ደረጃው ዞሩና ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ፣ «አንተ በላቸው! ምንድን ነው የሰበርከው?» ብለው ጮኹ።

ከታች አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

እሜቴ ዱካው ላይ ቆመው ሚዛኑን በራሳቸው እጅ አወረዱት። ላግዝዎት ብል እንቢ አሉ። «ለመስከረም አስጠርገዋለሁ። ልጆቹን አምጣቸው» አሉኝ።

መልስ

በማግስቱ በሌላ ጭነት መኪና ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ዲሬክተሩ ሴትዮዋን በምን እንዳሳመንኳቸው ሲጠይቁኝ፣ «ፊደል አስቆጥሬ ነው» አልኳቸው። የቀለድኩ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በዚያ ሳምንት ቤቴ ተቀምጬ ያን ትንፋሽ የሚያስረዳ ምክንያት ብዙ ፈለግሁ፤ ለራሴ የሚበቃ አላገኘሁም።

አሁን በዚያ ክፍል አስተምራለሁ። ቀድሞ ፍኖተ ሰላም ሳስተምር፣ ልጆቹ «ሀ» እንዳሉ ወዲያው ወደ «ሁ» እሄድ ነበር። ዛሬ ግን እጠብቃለሁ። ከፊት ወንበር እስከ መጨረሻው ድረስ እያንዳንዱ ልጅ አየር መልሶ መሳቡን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው «ሁ» የምል።