ቁልፉን ያዙሩልኝ፣ አባባ

አባቴ ከሾፌሩ ወንበር አልነሳም አሉ። ክፋር ግቢሮል በሚባለው ሰፈራችን፣ ከሕንፃችን ሥር፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነን። ገና ማለዳ ነው፤ ቤንዚኑ እስከ ደረጃው ይሸታል። ታናሽ እህታቸው አፉላ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ወንድሜ ከዚያ ደውሎ "ዛሬን ላትውል ትችላለች" ብሎናል። የኔን መኪና ባለቤቴ ይዞት ወጥቷል፣ ባቡሩን ደግሞ ጉልበታቸው አይችለውም። እሳቸው ዓይኗን ሳያዩ እንዳታመልጣቸው ፈርተዋል፤ እኔ በዚህ በሳቸው መኪና መንገድ ላይ እንዳንነድ ፈርቻለሁ።

"ያላ ልጄ፣ ኮፈኑን ዝጊውና እንሂድ!"

"አባባ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!"

"የቸኮለችው እሷ ናት እንጂ እኔ መች ቸኮልኩ?"

የመኪና ጥገና የተማርኩት ውትድርና ላይ ነው፤ ዛሬም የምሠራው ሙሳክ፣ መኪና መጠገኛ ውስጥ ነው። እዚያ መካኒኮቹ ሲነዘንዙኝ መልስ አላጣም። በአባቴ ላይ ግን ድምፄን ከፍ አላደርግም። ንዴቴን በመፍቻው ተወጣሁት።

መኪናው ሲያድር አልነሳ ይላል፤ ሲነሳም ጥቁር ጭስ ይተፋል። የዘይቱን መለኪያ መዝዤ አሸተትኩት። ወይ ጉድ! ዘይቱ ቤንዚን ገብቶበት ቀጥኗል። ለሞተሩ ቤንዚን ከሚረጩት አራት ኢንጀክተሮች አንዱ አልዘጋ ብሎ እያንጠባጠበ ነው ማለት ነው። የትኛው? አራቱንም ከነቧንቧቸው ነቅዬ ከሥራቸው ካርቶን ዘረጋሁ።

"አባባ፣ ቁልፉን ያዙሩልኝ። ሞተሩን ግን እንዳያስነሱ፣ በሞቴ!"

አንዲት ብልጭታ ብትወጣ ሁለታችንም አለቅን። አዞሩ። ፓምፑ እዝዝ አለ። ሦስቱ ደርቀው ቆሙ። የዳሩ ጫፉ ላይ ጠብታ ቋጠረ፣ ጣለ፣ ሌላ ቋጠረ።

"ያዝኩህ፣ አንተ ሌባ!" አልኩት። ሙሳክ ደውዬ ሌላ ኢንጀክተር ላስመጣ ስልኬን ሳነሳ ቀድሞ ጮኸ። ወንድሜ ነው።

"አርፋለች" አለኝ እያለቀሰ። "ለአባባ ትንፍሽ እንዳትዪ። እዚያ ሰፈራችሁ ላሉት ሽማግሌዎች ነግሬያለሁ፤ እስኪደርሱ አቆዪያቸው።"

በእኛ ዘንድ ለወንድም የእህቱ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ልጅም አባቱን አያረዳም። ሽማግሌ መጥቶ፣ አረጋግቶ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነገረው። "ቤሰደር፣ እሺ" ብዬ ዘጋሁ።

"ማነው?" አሉ አባቴ።

"ከሙሳክ ነው" ብዬ ዋሸሁ። "አባባ፣ በደንብ አልለየሁትም። እስቲ እንደገና ያዙሩልኝ።"

አዞሩ። ጠብ አለ።

"አንዴ ደግሞ።"

አሁንም አዞሩ። ምንም ሳይጠይቁ፣ አጎንብሰው፣ እንዳላበላሽ ብለው በጥንቃቄ ሲያዞሩ አንጀቴን በሉኝ። በልቤ ሽማግሌዎቹን "ኧረ ቶሎ ኑ!" እላለሁ።

ነጠላ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ከመንገዱ ወደ እኛ ታጠፉ። አባቴ በመስታወቱ አዩዋቸው። እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሽማግሌ ጋር ሆነው መርዶ ይዘው በሰው ደጅ የቆሙ ናቸው፤ ምን ይደበቃቸዋል? እጃቸውን ከቁልፉ አነሱ።

"የቅድሙ ስልክ የእሷ መርዶ ነበር?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ከስልኩ በኋላ ስንቴ አዞርኩልሽ?"

"ሁለቴ።"



"እህቴ ለእኔ ሁለት ዙር ጨምራ በሕይወት ቆይታልኛለቻ" አሉና ከመኪናው እንዳወርዳቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ።