ወንድሜ የደፋው ንፍሮ

ወንድሜ ፈሪ ነበር ይላሉ። አልነበረም። የርብ ወንዝ ሲሞላ በዋና ተሻግሮ የሰው ከብት ይመልስ ነበር። የሚፈራው ሌላ ነገር ነው። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እቸገራለሁ። ወተቱን ሦስት ጊዜ አሽትቶ ይተወዋል። መዝጊያውን ቀርቅሮ ይቀመጥና ተነስቶ ደግሞ ይነካዋል። ልቡ ያለ ምክንያት ይመታበታል። ያኔ እጄን ይዞ ደረቱ ላይ ያስቀምጠውና "ይሰማሃል? ሊቆም ነው?" ይለኛል። እስቅበት ነበር። በአምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ እኔ ግን እስቅበት ነበር።

ማጅራት ገትር የገባው በበጋ ነው፤ የፎገራ መሬት ደርቆ ሲሰነጣጠቅ። በሰፈራችን ስሙን የሚጠራ የለም፤ "ያ በሽታ" ነው የሚሉት። እኔ ወረታ ሁለተኛ ደረጃ ስለምማር እዚያ ሰምቼ ለወንድሜ ነገርሁት። አንገት ያደርቃል፣ አገጭ ከደረት አልደርስ ይላል አልሁት። ባልነግረው ይሻል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አገጩን ከደረቱ ሲያደርስ ይውላል። ከብት ሲነዳ፣ ሲበላ፣ ሰው ሲያናግረው። መቶ ጊዜ ሲጎነበስ የዋለ አንገት ማታ ያማል፤ ሲያመው "ይኸው፣ ያዘኝ" ይላል።

የሚገርመው፣ መጀመሪያ ሰሞን ቀለል ብሎት ነበር። ሰው ሁሉ ሲፈራ እሱ እፎይ አለ። ጎረቤቱ እጁን ሲታጠብ፣ የታመመ ቤት ላለመግባት ሰበብ ሲፈልግ አየና "ለካ ብቻዬን አይደለሁም" አለኝ። ከወረታ ጤና ጣቢያ የመጣ ድሬሰር ገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ሰብስቦን፣ አትተፋፈጉ፣ ደጃችሁን ከፍታችሁ ተኙ ብሎ አስተማረ። ወንድሜ እንደ ወንጌል ያዘው። ክትባት ሲመጣም ከሁሉ ቀድሞ ተወጋ። በሳምንቱ ሐሙሲት ገበያ ሄዶ እንደገና ተሰለፈ። የሚወጋው ያው ድሬሰር ኖሯል።

"አንተን ባለፈው አልወጋሁህም?"

"አልያዘልኝ እንደሆነስ ብዬ ነው።"

"ችግኝ መሰለህ እንዴ? ዞር በል፣ ለሌላው ይድረስ።"

ይህንንም ሲነግረኝ ስቄበታለሁ።

ከዚያ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ልጅ ሞተ። የስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ የታመመው ሁለት ቀን ብቻ። አባታችን የደብሩ ቄስ ነው፤ ፍትሐቱን እሱ አደረሰ። ወንድሜ ለቅሶ አልሄድም አለ። አባቴ "የካህን ቤት ከለቅሶ አይቀርም" አለው። ሄደ። ከሰው ራቅ ብሎ ከዳሱ ጫፍ ቆመ። የለቅሶ ንፍሮ በሰፌድ ሲዞር ሁሉም ከዚያው ከአንዱ ሰፌድ ይዘግናል፤ እምቢ አይባልም። እሱም ዘገነ። አልበላውም። በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ይዞት ወጣና ከሰፈር ስንርቅ ቦይ ውስጥ አራገፈው። እጁን በአፈር አሸት አሸት አደረገ።

"ልጁን እወደው ነበር" አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። በማግሥቱ ወደ ወረታ ስንሄድ ለጓደኞቼ አወራሁላቸው። ሳቁ። ሲስቁ ጊዜ ጨመርሁበት፤ ውሻ መጥቶ ንፍሮውን በላው አልሁ። ውሻ አልነበረም። ሲመሽ ወሬው ሊቀመንበሩ ቤት ደርሷል። እዚያ ሲደርስ፣ ወንድሜ ውሻ ጠርቶ የሟቹን ንፍሮ ሰጠው ሆኗል።

ውሻውን የጨመርሁት እኔ እንደሆንሁ ያን ጊዜ ለማንም አልተናገርሁም።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚለው ጠፋ። ደቦ አይጠሩትም። በመንገድ ሲያልፍ ጎረምሶቹ አገጫቸውን ከደረታቸው እያደረሱ ያሾፉበታል። በስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ተነስቶ "በመካከላችን ወሬ እየነዛ ሕዝብ የሚያሸብር አለ" አለ። ስም አልጠራም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ዞሮ ወንድሜን አየ።

ዝናብ ሲጥል በሽታው ቆመ። ሰዉም ፍርሃቱን ረሳ፤ እንደ ድሮው ተሳሳመ፣ እንደ ድሮው ደጁን ዘግቶ ተኛ። ወንድሜ ግን እዚያው በጋው ላይ ቀረ። እንዲያውም ባሰበት። ከእኛ ጋር ከአንድ ገበታ መብላት ተወ። ደጁ እንዳይዘጋ ይጣላን ጀመር።

"ዝጋው፣ ቢንቢ ጨረሰን" እለዋለሁ።

"ቢንቢ ምን ያደርጋል? ትንፋሽ ነው የሚገድል።"

በመጨረሻ እኛን ትቶ ደጅ ካለችው ክፍት ዳስ ይተኛ ጀመር። ሜዳው ሁሉ ውሃ ነው። በመስከረም ወባ ያዘው።

በሦስተኛው ቀን ራሱን ሳተ። ወረታ ያለው ጤና ጣቢያ በበጋ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ በውሃ ውስጥ በቃሬዛ ለመሸከም ግን እየተፈራረቀ የሚይዝ ስምንት ሰው ይፈልጋል። በሽተኛ መሸከም የሰፈሩ ደንብ ነው፤ ለማንም ይደረጋል። ወንዶቹ የአምራቾች ማኅበሩን ሩዝ ሲያርሙ ነበርና እየሮጥሁ ሄድሁ። ሊቀመንበሩ ከዳር ቆሟል፤ ያለ እሱ ፈቃድ ከሥራው የሚወጣ የለም።

"አያ፣ ሰው ይስጡን። ወንድሜ ሊሞትብን ነው።"

"መጋቢት ላይም ሊሞት ነው ሲሉኝ ነበር፤ ሚያዝያ ላይም ሊሞት ነው። የአሁኑ ስንተኛው ነው?"

ውሃው ውስጥ ያሉት ሳቁ።

"የዛሬው እውነት ነው።"

"የኔ ልጅስ የሞተው ሐሰት ነበር?" አለኝ። ከዚህ በኋላ የሳቀ የለም። "አረሙ ሲያልቅ ይሸከሙታል።"

"መቼ ያልቃል?"

"ውሃው የፈቀደ ቀን።"

ወደ ሊቀመንበሩ ሚስት ሄድሁ። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደሚያደርገው ድንጋይ ማጅራቴ ላይ ተሸክሜ ደጇ ላይ ተንበረከክሁ።

"ምነው ራሱ አልመጣ?" አለችኝ።

"አይችልም፣ እትዬ። ደግሞም ውሻ አልነበረም። ውሻውን የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ ለሳቅ ብዬ።"

ማጅራቴ ላይ ያለውን ድንጋይ አየች።

"ንፍሮውንስ? እሱንም ለሳቅ ነው የጨመርኸው?"

"ንፍሮውን ደፍቶታል። ስለፈራ ነው።"

"ከልጄ ፈርቶ" አለችና ገባች። ድንጋዩን አውርድ ያለኝ የለም። ራሴ አወረድሁት።

አባቴና እኔ ወንድሜን በበቅሎ ጫንነው። እኔ ከኋላው ተቀምጬ አቀፍሁት፤ አባቴ ውሃው ውስጥ እየመራ ሄደ። ገላው ይፈጅ ነበር። አንድ ጊዜ ነቃና አገጩን ወደ ደረቱ አደረሰ። ደረሰለት። "እሱ አይደለም" አለኝ፤ ደስ ያለው ይመስል ነበር። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገረም። የወረታ ቆርቆሮ ቤቶች እየታዩን፣ እቅፌ ውስጥ ሞተ። አባቴ ፊቱን አይቶ በቅሎዋን መለሳት።

ስንመለስ ከሩዙ ማሳ ሆነው አዩን። አባቴ ነጠላውን ዘቅዝቆ ለብሶ ነበርና ገባቸው። ማንም ፈቃድ አልጠየቀም። አረሙን ጥለው ከውሃው ወጡ፤ ሁሉም፣ ያሾፉበት የነበሩት ጎረምሶችም። ቃሬዛውን ከየት እንዳመጡት አላውቅም። በሕይወት እያለ ስምንት ሰው አጥቼለት ነበር፤ ሲሞት ሃያ መጣ። አለቀሱ ደግሞ። እንባቸው የውሸት እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ይህ ነው ይበልጥ ያስጠላኝ።

ከቃሬዛው የፊቱን ግራ እኔ ያዝሁ። ጥቂት እንደሄድን ሊቀመንበሩ ከጎኔ መጣ።

"ልቀቅ ልጄ፣ ደክሞሃል። ተራችን ነው።"

"አረሙ አለቀ?" አልሁት።

እጁን እንጨቱ ላይ አሳረፈ፤ አላነሳም። አባቴ ከኋላ "ስጠው፣ ስጠው እንጂ" ይለኛል። የሰፈሩ ደንብ ነው፤ ለሚቀበልህ ትለቃለህ። እኔ አለቀቅሁም። ትከሻዬ ተልጦ እየደማ፣ እሱም ከጎኔ ባዶ እጁን እንጨቱ ላይ እንዳደረገ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ እንዲሁ ሄድን።