የአባባ ይርጋ የፖም ዛፍ

ይህን ለባሌም ለእናቴም ተናግሬ አላውቅም። እናንተ ፊቴን ስለማታዩት ለእናንተ ልንገራችሁ። የአባባ ይርጋን የፖም ዛፍ ያደረቅሁት እኔ ነኝ። መጥረቢያ አላነሳሁም፤ ዋሽቼ ነው ያደረቅሁት።

አባባ ይርጋ እስራኤል አገር፣ ቤርሸባ ከተማ፣ ሽኩና አሌፍ በሚባለው ሰፈር ጎረቤታችን ነበሩ። ዛፉን ከሕንፃው ጀርባ የተከሉት ባለቤታቸው እማማ ጥሩዬ ናቸው፤ ፍሬውን ሳያዩ ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ፖሙ በደረሰ ቁጥር አባባ በሳህን ይዘው በየደጃፉ ያድላሉ። «ከጥሩዬ ነው» ይላሉ። «ከእኔ ነው» ሲሉ አንድ ቀን አልሰማሁም።

እኔ ያኔ ለሃቪም ወደምትባል አጎራባች ከተማ እየሄድኩ የሰው ግቢ አትክልት እንከባከብ ነበር። አንድ ዓመት የአባባ ዛፍ ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣና ያለ ጊዜው ረገፈ። ሻጋታ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። መከላከያውንም አውቃለሁ፦ ሻጋታው የሚከርመው በወደቀው ቅጠል ውስጥ ስለሆነ ቅጠሉን ጠርጎ መጣል፣ አዲሱ ቅጠል ሳይፈታ መድኃኒት መርጨት። «አይዞዎት፣ በጊዜው መጥቼ እረጭልዎታለሁ» አልኳቸው።

የክረምቱ ዝናብ ሊያበቃ ሲል፣ ዛፉ አዲስ ቅጠል ሳያወጣ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ በሬን አንኳኩ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ዛፍ ስረጭ ሰንብቼ ወገቤ ተቆርጧል።

«ልጄ፣ መድኃኒቱን ዛሬ ትረጪልኛለሽ?»

«አባባ፣ ዘንድሮ ሽሚታ ነው እኮ። ዛፍ መንካት አሱር ነው።»

አሱር በዕብራይስጥ ክልክል ማለት ነው፤ ሽሚታ ደግሞ ምድሪቱ የምታርፍበት ሰባተኛው ዓመት ነው፤ እሱስ እውነት ነው። ዛፍ እንዳይሞት የሚደረግ ሥራ ግን እንደሚፈቀድ ረቢው ለእኛ ለሠራተኞቹ ነግረውናል። እኔ ራሴ ያን ሳምንት ስረጭ አልነበር የሰነበትኩት? አባባ ኦሪቱን በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ የዚህን አገር ረቢዎች ደንብ ግን አያውቁም፣ ዕብራይስጥም አያነቡም። እኛን የጎረቤት ልጆችን እየጠየቁ ነው የሚኖሩት። እኔም ይህንን እያወቅሁ ዋሸሁ።

«ቅጠሉን መጥረግስ?» አሉኝ።

«እሱም አሱር ነው።»

ይህን ሁለተኛውን ለምን ጨመርኩ? ቅጠሉን እንኳ እሳቸው በጠረጉት ነበር። መጥረጊያ አልጠየቁኝ፣ ጉልበት አልጠየቁኝ።

«ሳላውቅ ልበድል ነበር። ተባረኪ ልጄ» ብለው መረቁኝ። ተመልሼ ተኛሁ።

በሌላ ቀን የሰፈሩ ጽዳት ሠራተኛ ቅጠሉን ሊጠርግ ሲመጣ፣ አባባ ከዛፉ ሥር ቆመው «አሱር፣ አሱር» እያሉ ሲመልሱት በመስኮት አየሁ። ወርጄ እውነቱን ብናገር ዛፉ ይተርፍ ነበር። መጋረጃውን ዘጋሁ።

በጸደይ ነጠብጣቡ ብሶ መጣ። በበጋው ዛፉ እርቃኑን ቀረ፤ የቤርሸባ ፀሐይ ቅርንጫፉን አቃጠለው። ሽሚታው ሲያልቅ መርጫዬን ተሸክሜ ሄድኩ። አንዱን ቅርንጫፍ ያዝ ሳደርገው እጄ ላይ ተሰበረ። ያ መድኃኒት ለመከላከል ነው፤ ለደረቀ ዛፍ ምን ያደርጋል?

አባባ እኔኑ አጽናኑኝ። «አትዘኚ፣ ሕጉን ጠብቀን ነው የደረቀው። ጥሩዬም ብትሆን ይህንኑ ነው የምትለው» አሉኝ። ዛፉ ተቆረጠ። ሳህኑን ይዘው በየደጃፉ መሄዳቸውም በዚያው ቀረ።

ደክሞኝ ነበር ልል እችላለሁ፤ ደክሞኝም ነበር። የደከመው ሰው ግን «ለሚመጣው ዓርብ ይሁንልኝ» ይላል። ብል ኖሮ እሺ ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ድካሜን ምክንያት አድርጌ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እንደበደልኳቸው ሳያውቁ ሞቱ።

በቀብራቸው ላይ የእኛ የቤተ እስራኤላውያን ቄስ ስለ ደግነታቸው ተናገሩ። «የሚስቱን ዛፍ እንኳ ለእግዚአብሔር ሕግ ሲል የተወ ሰው ነው» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ።