ሁለት ገመድ የሚገባበት መቅረጫ

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ሆኖ ነው። አንዷ በዚህኛው ጫፍ፣ ሌላዋ በዚያኛው ጫፍ ትይዛለች፤ ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ መወጠር፣ ከዚያ ተራምዶ መገናኘት፣ ጫፍ ከጫፍ ማጋጠም፣ እንደገና መለያየት። እጅ ሥራውን ስለለመደው አፍ ሥራ ፈት ይሆናል።

በስምንት ሰዓት የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ ሲገባ፣ ከማድረቂያው የወጣው አንሶላ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሎ ይጠብቃል። የጠዋቶቹ ሰርቪስ እንዳያመልጣቸው እየተጋፉ ይሮጣሉ። አንዷ ብቻ ትቀራለች። ቤቷ ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ስለሆነ ሰርቪስ አያስፈልጋትም። የመዝገብ ስሟን የሚያውቀው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ ለሴቶቹ እሷ «ሬዲዮ» ናት።

ሬዲዮ ያሰኛት ድራማው ነው። ማታ በሁለት ሰዓት፣ በዲሽ ከሚገቡት ጣቢያዎች በአንዱ፣ አንድ ልብስ ሰፊና ቤተሰቡ የሚታዩበት ተከታታይ ድራማ አለ። የከሰዓቶቹ ሴቶች በዚያ ሰዓት ከማሽን ጋር እየታገሉ ነው። ስለዚህ በየቀኑ፣ የእሷ ፈረቃ አልቆ የእነሱ ሲጀመር፣ አንሶላ እያጠፈች የትናንቱን ትነግራቸዋለች። ግማሽ ሰዓት ናት። በዚያች ግማሽ ሰዓት ማንም «አንቺ ደግሞ ዝም በይ» አይላትም። ከአምስተኛ ክፍል አስወጥተው ታናናሾቿን እንድትይዝ ቤት ካስቀሯት ወዲህ፣ እሷ ስትናገር ስድስት ሰው ጆሮውን ጥሎ የሰማት እዚያ ብቻ ነው። ባሏ የሌሊት ዘበኛ ነው፤ ወይ ሊተኛ ነው፣ ወይ ሊወጣ ነው። ከእሱ ጋር የምታወራው በር ላይ ሲተላለፉ ነው።

ችግሩ ታዲያ፣ ሬዲዮ ድራማውን አይታ አትጨርስም።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምራ ውኃ የጠጣ ብርድ ልብስ ከማሽን ስትጎትት የዋለች ሴት፣ ማታ ሶፋ ላይ ከተቀመጠች አለቀላት። የመግቢያውን ዘፈን ትሰማለች። ልብስ ሰፊው ሱቁን ሲከፍት ታያለች። ከዚያ ዓይኗን ገለጥ ስታደርግ የሳሙና ማስታወቂያ ነው። መጀመሪያ አካባቢ እውነቱን ተናግራ ነበር። «እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ» ስትላቸው የሴቶቹ ፊት ጭፍግግ አለ፤ አንሶላውን ለቀብር የሚያጥፉ ይመስል ዝም ብለው አጠፉት። በሌላ ቀን ያላየችውን ከራሷ ጨመረችበት። ማንም አላወቀባትም። ከስድስቱ ዲሽ ያላት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ማታ ሥራ ላይ ናት፤ በእረፍት ቀኗም ቴሌቪዥኑን ልጆቿ ለኳስ ይይዙባታል። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ሁለት ዓመት ሞላ።

ባለፈው ክረምት፣ ወገቧ አልቀና ባለ አንድ ሐሙስ፣ ሬዲዮ ልብስ ሰፊውን ገደለችው። አስባበት አይደለም። በሕይወት ካለ ነገም የሚሠራውን ነገር ማሰብ ሊኖርባት ነው፤ ለማሰብ ደግሞ ደክሟት ነበር። ደም ግፊት ጣለውና መቀሱን እንደያዘ ወደቀ አለቻቸው። ከሴቶቹ አንዷ የአንሶላዋን ጫፍ ለቅቃ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ማታ ሬዲዮ ቴሌቪዥኑን ስትከፍት ልብስ ሰፊው ሱቁን እየጠረገ ነበር።

ያለቀሰችው ሴት የባሏ ታላቅ እህት ናት። የሐኪም ጋዋን የምትተኩሰው እሷ ስለሆነች ሁሉም «ካውያ» ይላታል፤ ሬዲዮ ግን «እትዬ» ነው የምትላት። ዲሽ ያላትም እሷ ናት። ካውያው እስኪግል ግማሽ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ እስከዚያ ድረስ ከሬዲዮ ጋር አንሶላ ታጥፋለች።

ካውያ ሥራ ከጀመረች ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላት ሆስፒታሉ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጣት። ልትፈርም ቢሮ በሄደችበት ሴቶቹ ወሬውን አነሱት።

«ሃያ አምስት ዓመት በእንፋሎት ስትቀቀል ኖራ ወረቀት ይዛ ትግባ?» አለች ሳቂታዋ። «እኛ እናዋጣና የሚረባ ነገር እንስጣት እንጂ።»

«ጫማ።»

«የጠዋት ቁጥሯን ነው ወይስ የማታውን? ማታ እኮ እግሯ ሁለት ቁጥር ይጨምራል።»

ረጅሟ ጣቷን አነሳች። «አገኘሁ! ድራማውን የሚቀርጽ ሪሲቨር። የእህቴ ባል አለው። ሰዓቱን ሞልተሽለት ወደ ሥራሽ ትሄጃለሽ፤ እሱ ቀርጾ ይጠብቅሻል። በነጋታው እግርሽን ዘርግተሽ ማየት ነው።»

«ወይኔ! እሷማ ታብዳለች!»

«ታዲያ ርካሽ ይሁን፤ አቅማችን የታወቀ ነው። ሬዲዮ ትምረጥልን። በቴሌቪዥን ነገር ከእሷ ወዲያ ማን አዋቂ አለ?»

«ምስኪን፣ እንጀራዋን ልንዘጋው እኮ ነው» አለች ሳቂታዋ፤ ሁሉም ተንከተከቱ። ሬዲዮም ሳቀች። ጥርሷ እንጂ ሆዷ አልሳቀም።

በእረፍት ቀኗ ያዋጡትን በመሀረብ ቋጥራ እግሯን እየጎተተች ወደ ዲሽ ሠሪው ሱቅ ሄደች። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ሆዳቸው የተከፈተ ሪሲቨሮች፣ የተጠቀለለ ገመድና በላስቲክ የታሰረ የሪሞት እስር ሞልቶታል። ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሆነ ነገር ይበይዳል።

«የሚቀርጽ አለህ ወንድሜ? ርካሽ።»

«ርካሽና የሚቀርጽ ሁለት ሰው ናቸው እናቴ፤ ብዙ ጊዜ አብረው አይመጡም» አለና ሦስት አውርዶ ደረደረላት። አንደኛው ከነካርቶኑ አዲስ ነው፤ ዋጋውን ስትሰማ መልሳ ወደ መደርደሪያው ገፋችው። ሁለተኛው መዳፍ የምታክል ጥቁር ነገር ናት፣ ፍላሽ ይሰካባታል። ሦስተኛው ጠርዙ የተፈገፈገ አሮጌ ነው።

«ይቺ ትንሿስ ትሠራለች?»

«ትሠራለች። ግን የምትቀርጸው ቴሌቪዥኑ ላይ የተከፈተውን ጣቢያ ብቻ ነው። ጣቢያ ከቀየሩባት አብራ ትቀየራለች። ለማን ነው?»

«ለባሌ እህት። ከውኃ ታንከሩ በላይ ያለው ግቢ።»

ሰውየው መበየጃውን አስቀመጠ። «የሁለቱ ጎረምሶች እናት? ዲሹን የሰቀልኩት እኔ ነኝ እኮ! እነዚያ ልጆች ማታ ከኳስ ሌላ ያያሉ እንዴ? ይቺን ከወሰድሽ ድራማ ነው ብላ ስትከፍት ኳስ ነው የምታገኘው። ለዚያ ቤት ይሄ አሮጌው ነው። ከዲሹ ሁለት ገመድ ይገባበታል፤ በአንዱ ልጆቹ ኳሳቸውን ያያሉ፣ በሌላው እሱ ዝም ብሎ ድራማውን ይቀርጻል።»

ሬዲዮ ትንሿን አንስታ በመዳፏ መዘነቻት። ቀላል ናት። ይቺን ብትወስድ ነገሩ ሁሉ እንዳለ ይቀጥላል። ካውያ ጎል ሲገባ እያየች ትቀራለች፤ ሴቶቹም «ርካሽ ነገር ምን ይሁን ብለሽ» ይላሉ፤ ልብስ ሰፊውም በመቃብሩ ይተኛል። ማንም እሷን አይጠረጥራትም፤ ርካሽ አምጪ ያሏትን አመጣች፣ በቃ።

«አሮጌው ይወደዳል መቼም» አለች፤ እንዲወደድ እየለመነች።

«ያለሽን አሳዪኝ።» መሀረቡን ፈታችለት። አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ይሁን፤ ይበቃል። ገመዱን ራሴ እዘረጋላታለሁ። እቺ ሴትዮ አንድ ጊዜ የአባቴን ሱሪ በነፃ ተኩሳልኛለች።»

ማመካኛዋ እንዲህ ከእጇ አመለጠ። ሬዲዮ ወንበር ስላልነበረ የገመድ ጥቅልል ላይ ተቀመጠች። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ካውያ ሌሊት ሠርታ ጠዋት እየመጣች ጨርቅ ታጥብላት እንደነበር ትዝ አላት። ደግሞም ለካውያ እስከ ዛሬ የተሰጣት ነገር ሁሉ ግማሽ ነው፤ ባሏ ጥሏት የሄደው ግማሽ የተሠራ ቤት ነው፣ ልጆቿ የሚሰጧት ግማሽ ጆሮ ነው። ይቺም ትጨመርባት? ደግሞ ነገ አለ። ነገ የልብስ ሰፊውን ሚስት አንድ ቦታ ማድረስ አለባት፤ ባል ታጋባት ወይስ ታሳምማት ገና አልወሰነችም። ጭንቅላቷ ውስጥ እንደ ማድረቂያው የሚዞር ነገር አለ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አልቆመም። ይታወቅባትና ይቁም።

«የሚሠራውን ስጠኝ» አለችው።

ስጦታው ሲሰጥ ካውያ ሁሉንም በየተራ አቅፋ ሳመች፤ ሬዲዮን ሁለት ጊዜ። ዲሽ ሠሪው ቅዳሜ ሄዶ ተከለላት። ሰኞ ካውያ የእረፍት ቀኗ ነበር። ሬዲዮ ያን ቀን ምን እንደነገረቻቸው ራሷም አታስታውስም፤ የልብስ ሰፊውን ሚስት የሆነ ሰው ቤት ወስዳ በር ላይ ትታት ወጣች።

ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ካውያ ገባች። ጋዋኗን ለበሰች፣ ካውያውን ሰካች፣ መጥታ የአንሶላውን ጫፍ ያዘች። ሬዲዮ ቀና ብላ አላየቻትም። ትልቁ ማሽን መጭመቅ ስለጀመረ ጆሮ ያደነቁራል፤ የሌሎቹ ወሬ እንኳ አይሰማም። ሁለቱ ወጠሩ፣ ተራምደው ተገናኙ።

«አለ» አለች ካውያ፣ ፊታቸው ሲቀራረብ።

ተለያዩ። ወጠሩ። ተገናኙ።

«ሱቁን ይጠርጋል። ወፍሯል እንዲያውም።»

ሌላ አንሶላ አነሱ። «እንቅልፍ ይወስደኛል እትዬ» አለች ሬዲዮ ጫፉን ስታቀብላት። «አንድም ቀን ጨርሼው አላውቅም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ።»

ካውያ አንሶላውን ሳብ ያደረገችበት ኃይል ሬዲዮን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ጎተታት። «እኔ ያን ሐሙስ እራት አልበላሁም፤ ታውቂያለሽ? ልጆቼ ምን ሆንሽ ሲሉኝ፣ ሰው ሞቶብኝ አልኳቸው። ማን ሲሉኝ ምን ልበል?»

«ይቅር በይኝ።»

«አሁን ያንን ተይው» አለች ካውያ። ምን ማለቷ እንደሆነ ሬዲዮ አልገባትም። ማሽኑ እየዘገመ ሄዶ ቆመ፤ ቤቱ በአንድ ጊዜ ጭር አለ፤ ሴቶቹም እጃቸውን እየጠረጉ መጡ።

«እሺ ባለ መቅረጫ!» አለች ሳቂታዋ። «እስኪ ዛሬ አንቺ ንገሪን። ሬዲዮ ጡረታ ወጥታለች።»

«እውነት እኮ፣ ካውያ! ከራስሽ አፍ እንስማው!» አለች ረጅሟም። «ሚስቱ እንዴት ሆነች? ከሞተ ወዲህ አንጀቴን እየበላችኝ ነው።»

ሬዲዮ አንሶላውን እንደያዘች ቀረች። አሁን ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ከእንግዲህ ማን ይሰማታል? ሬዲዮ ቀርቶ ውሸታም ሊሏት ነው፤ ያም ስም እንደ መጀመሪያው እስከ ጡረታ ይከተላታል።

ካውያ አንድ በአንድ አየቻቸው። የረጅሟ ልጅ ሆስፒታሉ ውስጥ ተኝቷል፤ ሳቂታዋ ከሥራ በፊት ሌላ ቤት ታጥባለች፤ አንዷ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ እያለች ዓይኗ ሊከደን ነው።

«እኔ ምኑን አየሁት?» አለች በመጨረሻ። «ጠዋት ጠዋት ቤት ስጠርግ፣ ስቀቅል፣ መች ቁጭ ብዬ። እሷው ትንገራችሁ፤ አፏ ለምዷል።»

«ያን ሁሉ አዋጥተን!»

«ተቀርጾ ተቀምጧል፣ የትም አይሄድም። ጡረታ ስወጣ አየዋለሁ። ነይ ያዢ አንቺ።»

ሬዲዮ ጫፉን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ሲገናኙ ካውያ ጆሮዋ ሥር ደረሰች። «እዚያኛው ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ አንድ አጥር ነው የሚነታረኩት። ለእነዚህ አጥር ልንገራቸው?» አለች። ሬዲዮ ልትስቅ ፈልጋ ዕንባዋ መጣባት። «ግን አላኮረፍኩም አላልኩሽም» አለች ካውያ፣ ፊቷ ሳይፈታ። «ሁለተኛ ደግሞ ሰው እንዳትገድዪ።»

ሴቶቹ አንሶላ አንሶላቸውን ይዘው ጥንድ ጥንድ ሆኑ፤ ወደ እሷ አዩ። እስከ ዛሬ የምትነግረው ለሚያምኗት ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አንዲቱ፣ ለዚያውም አንሶላውን የምትይዝላት፣ እያንዳንዱን ቃል ከእውነተኛው ጋር እያስተያየች ልትሰማት ነው። ሬዲዮ ይህ ከመጋለጡ ይቅለል ወይም ይክበድ አላወቀችም። ማወቅም አልቻለች፤ ደክሟታል።

«ትናንት» አለች፣ «ሚስቱ በሩን ስታንኳኳ…»

«ማን ከፈተላት?» አለች ረጅሟ።

ሬዲዮ ካውያን አየቻት። ካውያ ዓይኗን ከአንሶላው ላይ ሳታነሳ ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ወጠረች፤ መልሱን እሷም እንደ ሌሎቹ እየጠበቀች።