የኮመጠጠው ወይን የማን ነው?

ንያ ሚንጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዶሮ ጋር ነው የምትነሳው። እንዲያውም ዶሮዎቹ እሷን አይተው ነው የሚነሱት ይባላል። ሊጡን ማታ አቡክታ ሱቋ ወለል ላይ ጨርቅ አልብሳ ትተወዋለች፤ ጠዋት ስትገልጠው ኩፍ ብሎ ከሳፋው ሊያመልጥ ደርሶ ታገኘዋለች። ሌላው ጋጋሪ ሊጡን ምድጃ ሲያስጠጋ፣ ሲያለብስ፣ ሲያባብል ያድራል። የሷ ወለል ግን ከታች ይሞቃል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደሞቀ ነው።

ፎጎ ደሴት ላይ፣ ከእሳተ ገሞራው እግር ሥር ባለው ጎድጓዳ ሜዳ የሚኖር ሰው ቤቱን እሳት ሲበላበት ሌላ አገር አይፈልግም። የቀለጠው ድንጋይ እስኪረጋ ይጠብቅና ሆዱ ገና እንደጋለ እዚያው አናቱ ላይ መልሶ ይሠራል። የከተማ ሰዎች እብዶች ይሉናል። ይበሉ። ሚንጋም እንደ ሰው ሁሉ መልሳ ሠራች። የድሮ ሱቋ፣ የድሮ አልጋዋ፣ የሟች ባሏ የማርሴሊኑ የወይን በርሜል ከሥር ተቀብረው ቀርተዋል። እሷ ግን ከጋራው ጫፍ ጋር እያስተያየች፣ በእርምጃ እየለካች፣ በሩን ከድሮው በር በላይ፣ ባንኮኒውን ከድሮው ባንኮኒ በላይ አዋለችው። ግንበኛው ሦስት ጊዜ ጥሏት ሊሄድ ነበር።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ዳቦው ከምድጃ ሲወጣ ወይን ያለው ሁሉ ወደ ሱቋ ይመጣል። እያንዳንዱ ከበርሜሉ አንድ ጠርሙስ ይቀዳና ስም ሳይጽፍበት ባንኮኒው ላይ ያኖራል። አንድ በአንድ ይቀመሳሉ። ትኩስ ዳቦ በፍየል አይብ ይበላል፤ ያሻው ያደንቃል፣ ያሻው ይሳደባል፤ የወይኑ ባለቤት ግን ትንፍሽ አይልም። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ሚንጋ «የማን ነው?» ትላለች፤ ያኔ ባለቤቱ እጁን ያወጣል። ወይኑ ኮምጥጦ የተገኘበት ሰው የቀኑን ትልቁን ዳቦ ለሆዱ ማስታገሻ ተብሎ ይሸከማል፤ ከበሩ ውጪ ግን ስለዚያ ወይን የሚያነሳ የለም።

እኛ ታላቅ ሴትን በክብር «ንያ»፣ ታላቅ ወንድን «ንዮ» እንላለን። ሽማግሌው ንዮ ቴዮፊሉ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያንን ዳቦ አንድም ቀን ተሸክመው አያውቁም። ይህን ያልሰማ ሰው የለም። ካለም እሳቸው ራሳቸው ይነግሩታል።

በጥር መጀመሪያ የዋለችው ቅዳሜ ለሚንጋ እንደ ሌሎቹ አልነበረችም። አመድ ቆፍራ የተከለችው ወይን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍርቶላት፣ ተጨምቆ፣ በርሜል ገብቶ፣ ደርሶ ነበር። ልጇ ኢዛውራም ዋዜማውን ከዋና ከተማችን ከፕራያ በጀልባ ገብታለች። በሁለቱ መካከል የቆየ ቃል አለ። «ወይኑ ከያዘልሽ እዚሁ ትኖሪያለሽ። ካልያዘልሽ ሱቁን ዘግተሽ ከኔ ጋር ትሄጃለሽ» ብላታለች ኢዛውራ፤ ሚንጋም እሺ ብላለች። ኢዛውራ ክፉ ልጅ አይደለችም። ያን ጊዜ እሳቱ የጎረቤትን ግድግዳ እየበላ፣ እናቷ «ሳፋዬን ሳልይዝ አልወጣም» ስትል፣ ክንዷን ይዛ ጎትታ ያወጣቻት እሷ ናት። ዛሬም ጋራው አጉረመረመ ሲባል እንቅልፍ አይወስዳትም።

የሚንጋን ስሕተት ከኛ ሰው በስተቀር የሚሠራው ያለ አይመስለኝም። ሌላው በርሜሉን ገደል ውስጥ በተፈለፈለ ቀዝቃዛ ዋሻ ነው የሚያኖረው። እሷ ግን የማርሴሊኑ በርሜል ድሮ ከነበረበት የጓዳ ጥግ ልክ በላይ፣ እዚያው ሊጥ በሚያስነሳው ወለል ላይ አስቀመጠችው።

ንዮ ቴዮፊሉ ያኔውኑ አይተው «ሚንጋ፣ ይሄ ወለል ለሊጥ ነው እንጂ ለወይን አይሆንም። ይቀቅልብሻል» ብለዋት ነበር።

«የማርሴሊኑ በርሜል ቦታው ይሄ ነው፣ ንዮ ቴዮፊሉ።»

«ማርሴሊኑ ከሥሩ እሳት አልነበረበትማ!»

«በቃ፣ ይተዉኝ።»

ተዉአት።

የአዲስ ተክል የመጀመሪያ ወይን ደግሞ ባለቤቱ ቀድሞ አይቀምሰውም፤ የሚቀምስለት ጎረቤት ነው። ስለዚህ ሚንጋ ያን ቀን ጠዋት ከንፈሩ የተሸረፈ ጠርሙስ ሞልታ ባንኮኒው ላይ ስታኖር ምን እንደቀዳች አታውቅም ነበር። አፍንጫዋ በጢስና በእርሾ ተሞልቷል። እውነቱን ለመናገር ግን ለማሽተትም ፈርታለች።

ሦስት ሰዎች መጡ። ንዮ ቴዮፊሉ አሉ፤ ሊዛንድሩ የሚባለው፣ አራት ልጆችና አንድ በቅሎ ያለው ጎልማሳ አለ፤ የሚንጋ የግድግዳ ጎረቤት፣ አፈ ስለቷ ክሪስፒና አለች። ሁሉም ጠርሙሳቸውን አኖሩ። ኢዛውራ ቀጂ ልሁን አለችና እጇ የደረሰበትን የመጀመሪያ ጠርሙስ አነሳች። ከንፈሩ የተሸረፈው ነው። ሚንጋ እጇን ሽርጧ ውስጥ ከተተች።

ክሪስፒና አንዴ ጎንጨት አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ሊዛንድሩን ሳል ያዘው። ንዮ ቴዮፊሉ አፋቸው ውስጥ አመላለሱት፣ ዋጡት፣ ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። እዚህ ሱቅ ውስጥ ለጥሩ ወይን እንኳ ስድብ አይታጣም፤ አሁን ግን የተናገረ የለም። ሦስቱም የየራሳቸውን ወይን ያውቁታል። ይህ የነሱ አይደለም፤ የማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ሚንጋ ቀመሰች። አቼቶ ነው። ሰላጣ ላይ የሚጨመረው፣ ጥርስ የሚያሳክከው። ባንኮኒውን ያዘች። ዳቦዋ፣ ቅዳሜዎቿ፣ ይህ የሚሞቅ ወለል ሁሉ ከእጇ ሲወጣ ታያት። ወጉ ግን ወግ ነውና መጠየቅ አለባት።

«የማን ነው?» አለች።

«የኔ ነው» አሉ ንዮ ቴዮፊሉ።

«የኔ ነው» አለ ሊዛንድሩም እኩል እጁን አውጥቶ።

ንዮ ቴዮፊሉ ዞረው አፈጠጡበት። «ምኑ ነው ያንተ?»

«ወይኑ ነዋ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ቀድሜ ተናግሬያለሁ። ኮመጠጠብኝ አልኩ!»

«እርስዎ መቼ ኮምጥጦብዎት ያውቃል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆሯችንን ሲያደነቁሩን!»

«ዘንድሮ ኮመጠጠብኝ! ሰው አያረጅም እንዴ?»

«ሁለታችሁም ዋሾዎች ናችሁ» አለች ክሪስፒና፣ ወገቧን ይዛ። «የኔ ነው። በርሜሉን ሳልከድን ረስቼው ነው። እናንተ ዳቦው አምሯችሁ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?» አሉ ንዮ ቴዮፊሉ።

«ከቤቴ! ከነአቼቶዬ!»

ኢዛውራ ጠርሙሱን እንደያዘች ሳቀች። «አንድ ልጅ፣ ሦስት አባት!» አለች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ሦስቱን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ባንኮኒውን የሙጥኝ ያለችውን እናቷንም አየች።

ሚንጋ ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ከቀሩት ጠርሙሶች አንዱ የሷ ይሆናል፤ ንዮ ቴዮፊሉ እንዲያውም የራሳቸውን ጠርሙስ በክርናቸው ወደ እሷ ገፋ አድርገዋል። ከገጠሩ ሁሉ የሚበልጠውን ወይናቸውን! ሠላሳ ዓመት ያንን ኩራት እንደ ልጅ ተንከባክበው አሳድገውት፣ ዛሬ ለሷ ብለው ባንዲት ቃል ጣሉት። ይህን ስታይ ልቧ ሞላ። እነዚህን ሰዎች ውሸት አሸክማ ወደ ቤታቸው መስደድ አልሆነላትም።

«ኢዛውራ፣ የኔ ነው» አለች። «ንዮ ቴዮፊሉ ነግረውኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። አባትሽ ካኖረበት አላነቃንቀውም ብዬ እሳት ላይ ጣድኩት።»

«አሁን ማን ጠየቀሽ?» ብለው ተቆጡ ንዮ ቴዮፊሉ። «አለቀ ስንል አበላሸሽው እኮ!»

ኢዛውራ ብርጭቆ አነሳች፣ ከጠርሙሱ ቀዳች፣ ፊቷን አጨማዳ ግጥም አድርጋ ጠጣችው።

«ኧረ ይሄስ የለየለት አቼቶ ነው» አለች። «እማዬ፣ ፕራያ ከአንድ ጎረቤት ጋር አራት ዓመት ግድግዳ ተጋርቻለሁ። ስሙን አላውቀውም። እሱም የኔን አያውቀውም። እዚያ ብወስድሽ፣ የሆነ ነገር ሲበላሽብሽ ማን ‹የኔ ነው› ይልልሻል?» አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ጋራውን እፈራዋለሁ። ነገም እፈራዋለሁ። ቃሌን ግን አንስቻለሁ። እዚሁ ኑሪ።»

ሚንጋ ማመስገን ፈለገች። ለጨው ገዢው፣ ለክብሪት ገዢው ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ስትል የኖረች ሴት አሁን ያ ቃል አነሰባት። ክሪስፒናን አቀፈቻት። ሊዛንድሩን ጉንጩን ሳመችው። ንዮ ቴዮፊሉ ዘንድ ስትደርስ ሁለት እጃቸውን ይዛ አለቀሰች።

«እንዲህ ያለ ነገር የሰጠኝ ሰው የለም» አለች። «ማንም።»

«ተይ እንጂ፣ ዳቦው ይቀዘቅዛል» አሉ፤ የሳቸውም ዓይን ደህና አልነበረም። «በርሜሉን ዛሬውኑ ከዚህ ምድጃ እናወጣዋለን። ከርሞ ወይንሽን ከኔ ዋሻ ነው የምታስገቢው። ጥጉን እለቅልሻለሁ።»

ወይኑን ከጨመቀች ጀምሮ ሚንጋ ከዚያች ቅዳሜ ወዲያ ያለውን ለማሰብ ደፍራ አታውቅም ነበር። ሽማግሌው ግን ነገሩን እንደ ቀላል ተናገሩት፤ ከርሞም እዚሁ መሆኗን የሚጠራጠር ሰው ያለ አልመሰላቸውም።

«ከርሞ» አለች ሚንጋ፣ እንባዋን በሽርጧ እየጠረገች። «እሺ፣ ንዮ ቴዮፊሉ። ከርሞ።»