አራት ጣት ለማንኛውም

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ኮሮና ጋብ ብሎ ሰው ጭምብሉን ኪሱ ውስጥ መርሳት የጀመረበት ሰሞን ነው። ጅጅጋ ውስጥ፣ ካሳደገችኝ አክስቴ ቤት ፊት ለፊት፣ በሯ ወደ መንገድ በተከፈተ አንዲት ክፍል ልብስ እሰፋ ነበር፤ ዛሬም እሰፋለሁ። ስፌት ያስተማረኝ ሰው የለም። ልጅ ሳለሁ የአክስቴን አሮጌ ቀሚስ በምላጭ ተርትሬ ክፍል ክፍሉን መሬት ላይ ዘረጋሁት፤ እንዴት እንደተሠራ አየሁና መልሼ ገጠምኩት። አክስቴ ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እጅጌው መሀል መንገድ ላይ ይወልቅባታል እያልኩ ልቤ ተንጠልጥሎ ዋለ። አልወለቀም። ከዚያ ወዲህ ያልገባኝን ነገር ሁሉ ተርትሬ ነው የተማርኩት።

የሰፈሩን ሴት ሁሉ በልኳ አውቃታለሁ። የማን ግራ ትከሻ ዝቅ እንደሚል፣ የማን ወገብ ከወለደች በኋላ እንደተመለሰ፣ ሜትሩ ሲዞርባት ትንፋሿን የምትውጠው ማን እንደሆነች። የማላውቀው የአንድ ሰው ልክ ነበር። የራሴን።

ወፍራም ነኝ። ነገሩን ማለባበስ አልፈልግም። ትምህርት ቤት «ኩንታል» ይሉኝ ነበር። ባጃጅ ላይ ስወጣ ሹፌሩ በመስታወቱ አየት ያደርገኝና «እህቴ፣ መሀል ላይ ሁኚልኝ» ይለኛል። ክፋት የለውም፤ ጎማው አሳስቦት ነው። እኔ ግን ወርጄ በእግሬ መሄድ ለመድኩ። አክስቴ ለጉልበቷ ኤረር ፍል ውሃ ስትሄድ አብሬያት እሄዳለሁ፤ ሴቶቹ እየተሳሳቁ ሲገቡ እኔ ውጭ ልብሷን ታቅፌ እቀመጣለሁ። ግብዣ ላይ «በልቼ ነው የመጣሁ» እላለሁ፤ ቤት ስገባ ቆሜ እበላለሁ።

አክስቴ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው ያሳደገችኝ። ምክሯ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነበር፦ «የኔ እናት፣ ጠቆር ያለ ልበሺ። ሰፋ አድርገሽ ስፊው። ሰው አፍ ውስጥ አትግቢ።» ከፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ድንጋይ ሲወረወር ልጇን በነጠላዋ እንደምትሸፍን ሰው ነበረች።

ስለዚህ ለራሴ ስሰፋ ሜትር አልነካም። አሮጌ ቀሚሴን አዲሱ ጨርቅ ላይ አነጥፋለሁ፤ ዙሪያውን በጠመኔ አሰምርና በየጎኑ አራት ጣት እጨምራለሁ። ለማንኛውም። በዓመቱ ደግሞ ያንኑ ቀሚስ አንጥፌ ሌላ እቆርጣለሁ፤ አሁንም አራት ጣት፣ ለማንኛውም። አዲሱ ቀሚስ ከአሮጌው ሰፍቶ ሳየው «ይኸው፣ ዘንድሮም ጨመርኩ» እላለሁ። ሌላ ምን ልል እችላለሁ? ቀሚሱ ምስክር ነው።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው እሱ የመጣው።

የስፌት መኪናና ወፍጮ የሚጠግን ሰው ነው። ከድሬዳዋ መጥቶ እዚህ ኪራይ ቤት ይኖራል፤ ሥራው ግን በየወረዳው ያንከራትተዋል። ቀጭን ነው፣ እንደ ቴሌቪዥን አንቴና። መጀመሪያ የመጣው የመኪናዬ መርፌ እየተሰበረ ስላስቸገረኝ ነበር። ጠግኖት ሄደ። በሳምንቱ መጣ።

«መኪናው ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ምንም አልሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ምን ልትሠራ መጣህ ታዲያ?»

«ምንም አለመሆኑን ላይ።»

እንዲህ እያለ ከዓመት በላይ ተመላለሰ። የጊዜ ብዛት ሰውን ያለማምዳል። ጫፍ ላይ በምትቀመጠው በርጩማ ተቀምጦ ስለ ወፍጮዎች ያወራልኛል፤ የቱ ወፍጮ ጠባዩ ክፉ እንደሆነ፣ የቱ የበቆሎ ነገር እንደማይሆንለት። እስቃለሁ። ስስቅ ግን ሁልጊዜ ጭኔ ላይ ጨርቅ ከምሬ ነው፤ የምሰፋው ነገር ባይኖርም።

በዐቢይ ጾም ውስጥ አንድ ቀን ብሎን እያጠበቀ፣ ቀና ሳይል «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ነው» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወደ አክስትሽ ቤት ነዋ። ሌላ የት እልካለሁ?»

መቀሱን አስቀመጥኩ። «አትላክ።»

«ጠልተሽኝ ነው?»

«አይደለም።»

«ሌላ ሰው አለ?»

«የለም። ሰው ይስቅብሃል። አንተ እንጨት፣ እኔ ኩንታል። አብረን ስንሄድ ምን እንደሚሉን አልታየህም?»

አሁን ቀና አለ። «እኔ ወፍጮ ጠጋኝ ነኝ» አለ። «ኩንታል ፈርቼ በምን እበላለሁ?»

ዛሬ ሳስታውሰው ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ተቆጣሁ። «ይኸው፣ አንተም ቀለድክብኝ» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ዕቃውን ሰብስቦ በሩ ላይ ቆመ።

«ቀልዴ ካስከፋሽ ይቅርታ። ሽማግሌ እልካለሁ ማለቴ ግን ቀልድ አይደለም። አውበሬ ወረዳ የተሰበረ ወፍጮ እየጠበቀኝ ነው። ስመለስ አንድ ጊዜ እጠይቅሻለሁ። እምቢ ካልሽ አላስቸግርሽም፤ መኪናሽ ሲበላሽ ሌላ ሰው እልክልሻለሁ።»

ሄደ። እምቢ ማለት አልከበደኝም፤ እድሜዬን ሙሉ የተለማመድኩት ነው። ሌላ ሰው እልክልሻለሁ ያለው ግን ደረቴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። በርጩማዋ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ታየኝ። ቢሆንም እሺ የሚል አፍ ከየት ላምጣ? እሺ ካልኩ ቬሎ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ የሚያየኝ ቀን አለ። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ እሱ ራሱ አለ፤ አንድ ቀን ያለ ጨርቅ ክምር የሚያየኝ።

ከሱቄ ማዶ ጨርቅ የምትሸጥ ሶማሊ ጎረቤት ነበረችኝ። በእነሱ ወግ አክብሬ «ኤዶ» እላታለሁ፣ አክስቴ እንደማለት ነው፤ እሷ ደግሞ «አባዮ» ትለኛለች፣ እህቴ። ከእኔ ትወፍራለች። በእኔ በር በጎን ነው የምትገባው፤ ገብታም «በርሽን ማን ነው የሠራው፣ ድመት ነው?» ትላለች እንጂ አታፍርም። በመጣች ቁጥር ክንዴን ጨበጥ አድርጋ «ማሻአላህ» ትላለች። ስንት ዓመት ሙሉ የምታሾፍብኝ ይመስለኝ ነበር።

ረመዳን ሊገባ ሲል የእነሱ ሰርግ ይበዛል። ልጇን ልትድር ነበርና የቤቱን ሴቶች ልብስ እኔ ሰፋሁ። ሥራው ሲያልቅ አንድ ጨርቅ ይዛ መጣች፦ የተልባ አበባ የመሰለ ሰማያዊ፣ ስስ፣ እጅ ላይ እንደ ውሃ የሚፈስ።

«የማን ነው?» አልኳት።

«ያንቺ። ሰርጉ ላይ ዲራ ትለብሻለሽ።»

ዲራ ሴቶቻቸው ለሰርግ የሚለብሱት ነው። ሰፊ ነው፣ ግን ስስ ነውና የሚደብቀው የለም። ከሥሩ የሚለበሰው ጉርድ ደግሞ በወገብ ልክ ነው የሚሠራው።

«ኤዶ፣ እኔ የራሴን ጥቁር ቀሚስ እለብሳለሁ።»

«ለልጄ ለቅሶ ልትመጪ ነው? ተነሺ! ሜትሩን አምጪ።»

ተነሳሁ፤ ሜትሩን ግን አልሰጠኋትም። እሷም አልጠበቀችኝም። ከኋላዬ መጥታ በሁለት እጇ ወገቤን ልትይዝ ቀሚሴን ጨበጠችው። እጇ ጨርቅ ብቻ ይዞ ቀረ። ሳበችው። አሁንም ጨርቅ ነው። በግራም በቀኝም በጡጫዋ ሙሉ ሰብስባ ያዘችና ጮኸች፦

«ወላሂ! ይሄ ምንድነው? እዚህ ውስጥ ሌላ ሴት አለች እንዴ?»

«የለችም…»

«አለች! ነይ ውጪ!» ብላ በቀሚሴ አንገት በኩል ወደ ውስጥ ተጣራች። «ኪራይ ትከፍልሻለች?»

ሳቄ አመለጠኝ። እየሳቅኩ ሳለሁ ሜትሩን ከአንገቴ ላይ መንጭቃ ወሰደችና ወገቤ ላይ አዞረችው። «ማሻአላህ» አለች፤ ዳሌዬ ላይ አዞረችው፤ «ማሻአላህ» አለች፤ ክንዴን ለካች፤ «ማሻአላህ።» ያኔ ፊቷን አየሁት። የሚያሾፍ ሰው ፊት አልነበረም። እኔ ዐይን የሚገባ ጨርቅ ሳገኝ የማየው ዓይነት አስተያየት ነበር። ቃሉንም የምትለው እኔን ከሰው ዐይን ልትጠብቀኝ ነበር ለካ፤ እንደሚሰረቅ ዕቃ።

ስትሄድ በሩን ዘግቼ ብቻዬን ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ከዚያ ቀሚሴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እሱንም ለካሁት። ቆሜ ቀረሁ። ወፍራም ነኝ፤ ሜትሩ አልዋሸልኝም። ግን እንደ ቀሚሴ አልነበርኩም። እንደ ቀሚሴ ሆኜ አላውቅም። በየዓመቱ የጨመርኩት እኔ አይደለሁም፤ አራት ጣቱ ነው የጨመረው። ለሰው ሲሆን ሁለት ጊዜ ለክቼ አንድ ጊዜ የምቆርጥ ሴት፣ ለራሴ ፍርሃቴን እያነጠፍኩ ስቆርጥ ኖሬያለሁ።

በሰርጉ ቀን በሰማያዊው ዲራ ሄድኩ። ከበራችን እስከ ድንኳኑ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ኤዶ ጾም መሆኔን አስባ ሥጋ ያልነካው ሩዝ በዘይት ለብቻ አሠርታልኝ፣ አጠገቡ ሙዝ ተቀምጦ ቆየኝ፤ እነሱ ሩዝን ያለ ሙዝ አያውቁትም። «በልቼ ነው…» ልል አፌን ከፈትኩ። ዙሪያዬ ያሉ ሴቶች እየተጎራረሱ እየበሉ፣ እያወሩ ነው፤ ማንም ወደ እኔ አላየም። በላሁ። ተቀምጬ በላሁ።

ከዚያ የሴቶቹ ጨዋታ ተጀመረ፤ ቡራንቡር ይሉታል። አንዷ ከበሮ ትመታለች፣ አንዷ ግጥም ታወርዳለች፣ የቀሩት ክብ ሠርተው ያጨበጭባሉ። ወጣቶቹ እየገቡ ወጡ። ከዚያ ኤዶ ገባች።

ያየሁትን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ያቺ በጎን የምትገባ ሴት ሻሿን በሁለት እጇ ከትከሻዋ ላይ ዘርግታ መሬቱን ረገጠችው፤ መሬቱ የመለሰላት መሰለኝ። ድንኳኑ ጠበበ። ግን አልከበደችም፤ ዝናብ ያዘለ ደመና ሲመጣ እንደሚንሳፈፈው ተንሳፈፈች። ክንዷ ሲወዛወዝ፣ ዳሌዋ ሲዞር፣ ቀጫጭኖቹ ልጆች ቦታ እየለቀቁ፣ እልልታው ጣራውን ሊወስደው ደረሰ። ግጥም አውራጇ ወደ እሷ ዞራ ስታሞግሳት አጠገቤ ያለችውን ልጅ «ምን እያለቻት ነው?» አልኳት። «‹አንቺ ሙሉ ቤት፣ በአንቺ ጥላ ስንቱ ተጠለለ› እያለቻት ነው» አለችኝ። ዐይኔ እንባ ሞላ። እኔ ልሸፍነው የምሞተው ነገር እዚህ ይዘመርለታል። ሰው አካሉን እንዲህ እንደ በዓል ልብስ ሊለብሰው ይችላል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ስትወጣ ላቧን ሳትጠርግ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ጨዋታውን አላውቀውም። ክቡ መሀል ቆሜ እጄን ዘረጋሁ፣ እንደ ሕፃን ተንገዳገድኩ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እነዚያ ሁሉ ዐይኖች አዩኝ። አልሞትኩም።

እሱ ከአውበሬ የተመለሰው በማግስቱ ከሰዓት ነበር። በልኬ የሰፋሁትን አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ ጭኔ ላይ ምንም ሳልከምር ጠበቅሁት። ገባ፤ ዱቄት ፊቱ ላይ እንዳለ ነው። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ።

«የተለየ ነገር አይታይህም?» አልኩት።

አየኝ። ጭንቅ ያዘው። «ፀጉርሽን ተሠራሽ?»

«አይደለም።»

«ታመሽ ነበር እንዴ?»

«ቀሚሴ! ቀሚሱን እየው!»

ቀሚሱን አየው። እኔን አየ። መልሶ ቀሚሱን አየ። «ያምራል» አለ ግራ እየገባው። «ድሮ ምን ዓይነት ነበር?»

ያን ሁሉ ጊዜ፣ ያን ሁሉ ጥቁር ጨርቅ ለብሼ ከእሱ ስደበቅ፣ እሱ ጨርቁን አይቶት አያውቅም ነበር። ከዓመት በላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ የሚያየው እኔን ነበር። እስካሁን ሲታሰበኝ እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ፤ እንዲህም ይታያል ወይ ሰው?

«እና?» አለኝ፤ ድምፁ ቀጠነ። «አንድ ጊዜ እጠይቃለሁ ብዬ ነበር።»

«ሽማግሌ ላክ» አልኩት። «ባጃጅ ውስጥ ግን ጫፍ ላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ።»

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። አክስቴ በወጉ አንገራግራ፣ ቀጠሮ ሰጥታ፣ በሁለተኛው መምጣታቸው እሺ አለች። ስለ አዲሱ ቀሚሴ አንድም ቃል ተናግራኝ አታውቅም፤ ሰፍቼ ስጨርስ በበሩ መጋረጃ በኩል ቆማ ታየኝ ነበር ብቻ።

ሽማግሌዎቹ እሺታዋን ይዘው በሄዱ ማግስት ሱቄን ዘግቼ ስገባ ሳጥኔ ተከፍቷል። አክስቴ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጥቁር ቀሚሶቼን በምላጭ እየተረተረች ነበር። በስፌት መኪና መስፋት አትችልምና በእጇ፣ በመርፌ፣ ለአዲሱ ቤቴ የትራስ ልብስ ሰፋችባቸው። ከአንዱ ቀሚስ ሁለት፣ ከሰፊው ደግሞ ሦስት ወጣ።