በግንቡ መሐል የበቀለችው ማንጎ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙ በማይርቅ ሰፈራችን። እስከ ዛሬ ማንጎ በበላሁ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

ያኔ ጨርቅ እነግድ ነበር፤ የምኖረውም ከእናቴ ጋር ነው። በጓሮ በኩል የሚዋሰኑን መሪጌታ ጥበቡና ባለቤታቸው እትዬ የሺ ነበሩ። እኛ እስላም ነን፣ እነሱ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ እናቴና እትዬ የሺ ግን ሳይገናኙ አይውሉም። የእናቴ ዓይን ደክሟል፤ እትዬ የሺን ደግሞ ጉልበታቸው ይዟቸዋል። ስለዚህ እናቴ በየቀኑ እንዝርቷን ይዛ፣ አጥሩን በእጇ እየዳሰሰች፣ መሐሉ ላይ ባለችው ሽንቁር ሾልካ ትሄዳለች። ጥጥ ሲፈትሉና ሰው ሲያሙ ይውላሉ። በዋናው በር ልሂድ ብትል የጭነት መኪና የማይጠፋበትን መንገድ መዞር አለባት። ያ ለእሷ የሚሞከር አልነበረም።

አንድ ክረምት የእንጨት አጥሩን ምስጥ በልቶት ኖሮ ከሐይቁ የመጣ ነፋስ ጠቅልሎ ጣለው። ቀበሌ ሄድኩ። በእንጨት ማጠር ቀርቷል፣ በድንጋይ ከሆነ ግን ፈቃድ ይሰጥሃል አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን እዚያው አለቀ። ሊቀመንበሩ ግንቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ድፍን መሆን አለበት አለ።

"እናቴ የምታልፍባት ትንሽ በር ልተው?" ብዬ ለመንኩት።

"ጓድ ሰይድ፣ ሁለት የቤት ቁጥር ሁለት ግቢ ነው። በግቢና በግቢ መሐል በር አይፈቀድም። ዛፍ ካለ ደግሞ እንዳትነካ! ከግንዱ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ሜትር ትተህ ነው የምትገነባው። ነገ የማዘጋጃ ቤት ሰው መጥቶ ይለካልሃል።"

ለእናቴ ስነግራት እንዝርቷን ቅርጫት ውስጥ ከተተችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንጀቴን በላችው።

ጭንቀቴን ላዋያቸው መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። "ጭራሽ ዛፍ እንዳትነካ ይለኛል! የትኛውን ዛፍ?" ብዬ ተነጫነጭኩ።

መሪጌታ ጺማቸውን ይዘው ጠየቁኝ። "አንድ ሜትር በግራ፣ አንድ ሜትር በቀኝ ነው ያለህ?"

"አዎ።"

"በል ሂድና ተኛ።"

ጠዋት ስነሳ ሽንቁሯ በነበረችበት ቦታ ጉልበቴ ጋ የማትደርስ የማንጎ ችግኝ ቆማለች። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ፈራሁ። በዚያ ዘመን በመንግሥት ሥራ መቀለድ ዋዛ አልነበረም።

ረፋድ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጣ። ኮስታራ ወጣት ነው። እየለካ መጥቶ ችግኟ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ይቺ መቼ ነው የተተከለችው?"

ከወዲያ ወደ ቆሙት መሪጌታ ዞርኩ።

"ትናንት። እኔ ነኝ የተከልኋት፤ አልዋሽህም ልጄ" አሉ መሪጌታ። "ደንቡ የዛፍ ዕድሜ ይጠይቃል?"

ሰውየው ዙሪያውን አየ። ከወዲያ እትዬ የሺ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከወዲህ እናቴ እንዝርቷን ይዛ ቆማለች።

"ለካኸው ወይ ልጄ? ልለፍ?" አለችው።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሜትሩን ከዚያች ቀጭን ግንድ ጋር አስጠጋ። በግራ አንድ ሜትር ለክቶ ችካል መታ፤ በቀኝም እንዲሁ።

"ደንብ ደንብ ነው" አለ ፊቱን ሳይፈታ። "ችግኟ ከደረቀች ግን ክፍተቱ ይደፈናል። መጥቼ አያለሁ። አሁን ይለፉ እማማ።"

ግንቡ በችካሉ ልክ ከተሠራ በኋላ ጭንቀታችን ሁሉ ችግኟ ሆነች። በበጋው ቅጠሏ ቢጫ ሲሆን እናቴ ውዱእ የምታደርገው እሷ ሥር ሆነ። መሪጌታ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጸበል ያርከፈክፉባታል። የትኛው እንደረዳት አላውቅም፤ ብቻ ያዘች።

መጀመሪያ ያፈራች ዓመት ሰውየው እውነትም መጣ። እናቴ በድምፁ አውቃው ማንጎ አስያዘችው። እሱም በአንድ እጁ እየበላ በሌላው ሜትሩን ዘረጋ።

"እማማ፣ ግንዱ ወፍሯል። አሁን እስከ ግንቡ አንድ ሜትር አይሞላም። ግንቡን ላስፈርሰው?"

"አፍርሰው!" አለች እናቴ። "እኔ መቼ ግንብ ጠየቅሁ?"

ያ ኮስታራ ሰው ማንጎው ትን እስኪለው ሳቀ።

እናቴም፣ መሪጌታም፣ እትዬ የሺም አሁን የሉም። መሪጌታ ቤት ልጃቸው ትኖራለች፤ እኔም ሬዲዮ ለመስማትና ለጨዋታ ወደ እሷ እሄዳለሁ። ዛሬ ዓይኔ እንደ እናቴ ደክሟል። ግንቡን በእጄ እየዳሰስኩ እሄድና ድንጋዩ ሲያልቅ እጄ ግንዱን ያገኘዋል። ያን ጊዜ ደስ ይለኛል። ጎኔን ሰጥቼ ሾልኬ አልፋለሁ።